«ሦስት አንሶላ ለነፋስ» ምን ማለት ነው?

ባለጋሪው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቨርጂኒያ ውስጥ ሆቴል ነው የምሠራው፤ ክፍል ማጽዳት። የሌሊቱ ኃላፊ ለጠዋት ተረኞች የሚተውልን ደብተር አለ። ትናንት እንዲህ ብሎ ጽፎ አደረ፦ «የ412ቱ እንግዳ ሲገባ ትሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ ነበር፤ እስከ ቀትር እንዳታንኳኩ።» ቃል በቃል ስተረጉመው «ሦስት አንሶላ ለነፋስ» ሆነብኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅማ ሦስት ንጹሕ አንሶላ ጋሪው ላይ ደርድሮ ሊወጣ ሲል «ቆይ እንጂ፣ ነፋሱስ?» ብዬ ያዝኩት። ማታ ኃላፊውን ስንጠይቀው ሳቀብንና «ሰክሮ ነበር ማለቴ ነው» አለ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንሶላና ስካር ምን አገናኛቸው? ሁለተኛው ይበልጥብኛል፦ እኔ ደብተሩ ላይ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ነውር ነው ወይስ የጨዋ አባባል ነው? አለቆችም ያነቡታል።

ሽሙጥ፦
አንዱ ለፍራሹ፣ አንዱ ለሰውዬው፣ ሦስተኛው ለትውኪያው። ተፈታ። ቀጣይ ጥያቄ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ባለጋሪው ልጄ፣ አንሶላው ያሳሳተው እናንተን ብቻ አይደለም። ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ብዙዎቹ እዚህ ላይ ሺት ሸራ ማለት ይመስላቸዋል። አንሶላም ሸራም አይደለም። ገመድ ነው። ከመርከብ ሸራ የታችኛው ጥግ ላይ ይታሰራል፤ ባሕረኛው እሱን እየሳበና እየለቀቀ ሸራውን ይገራዋል። ገመዱ ካመለጠ ሸራው ነፋስ ላይ ይርገበገባል። መርከቡ አቅም ያጣል፣ ይንገዳገዳል። ሦስት ገመድ ካመለጠማ አስበው። በሌሊት ከጠጅ ቤት የወጣ ሰው ማለት ነው።

በድሮው አነጋገር «ቱ ዘ ዊንድ» ሳይሆን «ኢን ዘ ዊንድ» ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1821 ለንደን ውስጥ በታተመ ጽሑፍ ላይ እንደዚያ ሆኖ ይገኛል። «ቱ» የሚለው ኋላ የመጣ ነው። ደረጃም ነበረው። አንድ ሺት ብቻ ያመለጠው ሞቅ ያለው ሰው ነው። ሦስት ያመለጠው ግን ጥምብዝ ያለው ነው።

ባለጋሪው፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ሁለተኛውስ ጥያቄ?

የምጽዋ ባሕረኛ፦
እትዬ መምህርት ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ላርም። እኔ ይህንን ቃል ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት፤ ከገመዱ ነው።

ሺት ከእጅህ ሲያመልጥ መጀመሪያ የሚደርስህ ድምፁ ነው። ሸራው እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ጥጉ ላይ ያለው ቋጠሮ ወዲያና ወዲህ ይወነጨፋል፤ ፊትህን ካገኘው ጥርስህን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሮጠህ ቋጠሮውን አትይዝም። ጎንበስ ትላለህ። መሪ የያዘው ሰው የጀልባዋን ፊት ወደ ነፋሱ ያዞራል። ሸራው መሐል ላይ ሲመጣልህ፣ ያኔ ገመዱን ከታች በኩል ይዘህ ቀስ እያልክ ትስባለህ።

እርማቴ ይኸውና። ሺት ሲያመልጥ ጀልባዋ ወዲያው አትንገዳገድም። መጀመሪያ ትቆማለች። ማዕበሉ እንደፈለገ የሚጫወትባት ከዚያ በኋላ ነው። ስካሩ ያለው እዚያ ላይ ነው፦ ነፋሱ አለ፣ ሸራው አለ፣ የሚይዘው ግን የለም።

ሽሙጥ፦
ጋሼ፣ የኛ ባሕር ኃይል መርከቦች በሞተር አልነበር እንዴ የሚሄዱት? ዋናዋ «ኢትዮጵያ» ራሷ በፈረንጅ 1962 ከአሜሪካ የመጣች የብረት መርከብ ናት። ሸራው ከየት መጣ?

የምጽዋ ባሕረኛ፦
ብረት ላይ ከመውጣትህ በፊት ሸራ ላይ ትማራለህ፣ ጎረምሳው። ሲያሠለጥኑን የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩ። የኖርዌይ ሰው ደግሞ እጅህ በገመድ ሳይላጥ ባሕረኛ አይልህም።

ጣና ዳር፦
እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። አማርኛችን ለዚህ ገመድ የራሱ ስም የለውም። ለምን? የኛ ታንኳ ሸራ ስለሌለው። ደንገል ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ በመቅዘፊያ ወይም በዘንግ ይገፋል። ነፋስ ሲመጣ የምትለቀው ገመድ የለህም፤ የምትለው «ኪዳነ ምሕረት ድረሽ» ብቻ ነው። ሸራ ያልሰቀለ ሕዝብ ለሸራ ገመድ ስም አያወጣም።

ሥርወ ቃል፦
ወንድሜ ጣና ዳር፣ አገሩን ሁሉ በጣና ለካኸው። አዱሊስስ? አፄ ካሌብ በ525 ዓመተ ምሕረት አካባቢ (በፈረንጁ) ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ወዳለው ሒምያር ሲዘምት ሠራዊቱን በመቅዘፊያ ነው ያሻገረው? ያ ሁሉ ሸራ በምን ታሰረ?

እንዲያውም ሥሩን ልንገራችሁ። ይህ ገመድ በጣልያንኛ «ስኮታ» ይባላል። ስኮታ፣ ስካር። ስ እና ክ ተመልከቱ። ባሕረኞቹ ከምጽዋ ወስደውት ይሆናል። «ሰከረ» ማለት ስኮታው ያመለጠው ማለት ነው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ሥርወ ቃል፣ ይኼን እንኳ ተው። «ሰክረ» በግእዝ አለ፣ «ሰኪረ» በዐረብኛ አለ፣ በዕብራይስጥ ሰካራም «ሺኮር» ነው። አንድ የሴም ግንድ ነው። ጣልያንኛ የሚባል ቋንቋ ሳይፈጠር ሰው ይሰክር ነበር።

ሥርወ ቃል፦
ሸራስ? «ሽራዕ» በዐረብኛ የመርከብ ሸራ ነው። ይህንንም ተው ይበሉኝ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ይህኛውን አልልህም። ይህኛው ያስኬዳል።

ቶሮንቶ ነኝ፦
እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ነገሩ የነፋስ ወፍጮ ነው። ወፍጮው አራት ክንፍ አለው። አራቱም ላይ ሸራ ከተዘረጋ ደህና ይዞራል። ሦስቱ ላይ ብቻ ከዘረጋህ ሚዛኑ ይዛባል፣ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ሦስት ሸራ በነፋስ።

የምጽዋ ባሕረኛ፦
የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር ይባላል።

ቶሮንቶ ነኝ፦
ጋሼ፣ ሚስቴ ናት የነገረችኝ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ወፍጮው ለአንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ «ለምን ሦስት?» ለሚለው። ሰው የወደደውም ለዚያ ነው። ግን አንድና ሁለት ሺት እየተባለም ሲነገር ኖሯል። በወፍጮው ሒሳብ አንድ ሺት ያለው ከሁሉ የባሰ ሊንገጫገጭ ነው፤ በአባባሉ ግን አንድ ሺት ያለው ገና ሞቅ ማለቱ ነው። ወፍጮው እዚህ ላይ ይቆማል። ዓረፍተ ነገሩ ያለ ዘመዶቹ ብቻውን ሲነበብ እንዲህ ነው፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
የዚህን ቤት ጨዋታ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እናንተ ለንደን ድረስ ትሄዳላችሁ፤ ነገሩ ዳዊታችሁ ውስጥ ነው። መዝሙር 106ን ክፈቱ። በመርከብ ወደ ባሕር የሚወርዱት፣ ማዕበሉ ወደ ላይ ሲያወጣቸውና ወደ ጥልቅ ሲያወርዳቸው፣ እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ ይላል። መርከብና ስካር ከዚያ ጀምሮ ወዳጅ ናቸው። ሰሙ መርከብ፣ ወርቁ ስካር።

የአሽዶድ ልጅ፦
ሰላም ወንድሜ። እሱ 107 ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
106 ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የደገምኩት ዳዊት ነው፤ ቁጥሩን አልስተውም።

የአሽዶድ ልጅ፦
በዕብራይስጡ 107። እንግሊዝኛውም እንደዚያ ነው የሚቆጥረው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ዕብራይስጡ የኛን መዝሙር ዘጠኝ ለሁለት ከፍሎ ዘጠኝና ዐሥር ስላደረገው ነው። እኛ አልከፈልንም።

ሽሙጥ፦
ሰውዬው 412 ቁጥር ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ለመረጃ ያህል።

ሥርወ ቃል፦
የቅኔ ቤቱ ልጅ ሰሙን ገለበጠው። በዳዊት የሚንገዳገደው መርከበኛው ነው፤ በሰካራም ነው የተመሰለው። በፈረንጁ አባባል ግን የሚንገዳገደው ሰካራሙ ነው፤ የተመሰለው በመርከብ ነው። ይኼ አንድ አይደለም። ሰም የነበረው ወርቅ ሆኗል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጎበዝ። ይኸንን ለማለት ስንት ቀን አሰብክ? እንግዲህ ምሳሌ 23ን ጨምርበት። ወይን ጠጅ የሚያዘወትረውን ሲወቅስ፣ በባሕር መካከል እንደተኛ፣ በደቀል ላይ እንደሚተኛ ትሆናለህ ይለዋል። ደቀል ምንድን ነው? የመርከቡ ምሰሶ፤ ሸራው የሚሰቀልበት። እዚህ የሚንገዳገደው ሰካራሙ ነው፤ የተመሰለው በመርከብ ነው። አሁንስ?

ሥርወ ቃል፦
አሁን እሺ። እንግዲያው የፈረንጁ አባባል ከምሳሌ ነው የመጣው፤ ከዳዊት አይደለም።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ከሁለቱም አልመጣም ልጆቼ። ባሕረኞች ከሥራቸው ነው ያወጡት። ባሕር የሚያውቅ ሰው ሰካራምን ሲያይ መርከብ ትዝ ማለቱ በምሳሌም ዘመን በለንደንም ያው ነው። መመሳሰል መዋለድ አይደለም። ይህንን ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት አስተማርኩ መሰላችሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እትዬ መምህርት፣ በአክብሮት፦ ብሉይን ወደ ግሪክ የመለሱት ሰብዓ ሊቃናት ምሳሌ 23 ላይ ደቀል አይሉም። በብዙ ማዕበል ውስጥ እንዳለ መርከብ መሪ ነው የሚሉት። የቱ ይሻላል? ደቀል ላይ የተኛው ሰው ያለ ቦታው የወጣ ነው። መሪ ይዞ የተኛው ግን ሥራውን የተወ ነው። የፈረንጁ ሺት ያመለጠው ሰውዬ ለሁለተኛው ይቀርባል። ነገሩ ከፍታ አይደለም፤ መያዝ አለመቻል ነው። ጋሼ ባሕረኛውም «የሚይዘው የለም» ያሉት ይኸንኑ ነው።

የምጽዋ ባሕረኛ፦
እንዲያ ነው። ሊቃናቱ ባሕር ያውቃሉ። ደቀል ላይ ተኝቶ የሚያድር ሰው አላየሁም። መሪ ይዞ ያንቀላፋ ግን አይቻለሁ።

ባለጋሪው፦
ሁሉንም አነበብኩ፤ ደስ ብሎኛል። ደብተሩ ላይ ልጻፈው ወይስ አልጻፈው?

የአሽዶድ ልጅ፦
ባለጋሪው ትንሽ ታገሠኝ፣ ይኼ ሳይነገር ማለፍ የለበትም።

ምሳሌ 23 ላይ «ደቀል» የተባለው በዕብራይስጥ «ሒቤል» ነው። በመላው ብሉይ ኪዳን እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው ያለው። ዘመዶቹን ግን እናውቃቸዋለን። «ሔቬል» ገመድ ነው። «ሆቬል» መርከበኛ ነው፤ ገመድ የሚይዘው ሰው። ዛሬ እዚህ አሽዶድ ወደብ ላይ የመርከብ አዛዥ «ራቭ ሆቬል» ይባላል። ዮናስን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የመርከቡ አለቃም በመጽሐፉ ስሙ ይኸው ነው። ብትፈታው የገመደኞች አለቃ ማለት ነው።

እንግዲህ ግእዙን አምጡት። «ሐብል» በግእዝ ገመድ አይደለም እንዴ? አያቴ ከጎንደር ይዛ የመጣችው ዳዊት ውስጥ አለ። ስለዚህ የምሳሌው ሰካራም የተኛበት ነገር ሥሩ ገመድ ነው። ፈረንጁ ገመድ አለ፣ ዕብራይስጡ ገመድ አለ፣ ግእዙም ገመድ ያውቃል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እጅ ሰጠሁ። 106ን ግን አልሰጥም።

እንዲያውም በዚሁ ኢሳይያስ 33 ቁጥር 23ን ልጨምርልህ። ገመዶችህ ላልተዋል፣ ደቀሉን ሊያጸኑት አልቻሉም፣ ሸራውንም ሊዘረጉት አልቻሉም ይላል። እዚያ ያለው ገመድ ያንተው «ሔቬል» ነው?

የአሽዶድ ልጅ፦
ራሱ ነው። «ሐቫላይኽ» ይላል፤ ገመዶችሽ። የላላ ገመድ፣ የማይቆም ደቀል፣ የማይወጠር ሸራ። ሰካራም ብቻ ነው የጎደለው።

ሽሙጥ፦
በአማርኛ ግን ሀብል አንገት ላይ የሚደረገው ወርቅ ነው። ስለዚህ ሦስት ሀብል ያደረገ ራፐር ሁሉ ትሪ ሺትስ ነው። ተፈታ።

ጣና ዳር፦
ይኼ ልጅ አንድ ቀን ምሁር ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እትዬ መምህርት፣ አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። ሺት ገመድ ነው አሉን። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ ጴጥሮስ በራእይ ያየው፣ በአራት ማዕዘን የተያዘ ታላቅ ሸማ የሚመስል ነገር፣ በድሮው እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሺት ነው የተባለው። ያ ገመድ ሊሆን አይችልም። እንስሳት ሁሉ በላዩ ነበሩበት። ታዲያ አንድ ቃል ጨርቅም ገመድም እንዴት ይሆናል? ኅብር ነው ካላላችሁኝ በቀር።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ጥሩ ጠየቅህ። «በአራት ማዕዘን» ያልከውን ያዝልኝ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሼአታ» የሚል ቃል ነበረ። ትርጉሙ ጥግ፣ ማዕዘን፣ የሸራ የታችኛው ጫፍ። እዚያ ጥግ ላይ የሚታሰረው ገመድ መጀመሪያ «የጥግ ገመድ» ነበር የሚባለው፤ ኋላ «ገመድ» የሚለው ተትቶ ጥጉ ብቻ ቀረ። የአልጋው ሺት ደግሞ ከዚሁ ግንድ የወጣ ወንድሙ ነው። እሱ በጨርቁ በኩል ሄደ፣ ይኼ በገመዱ በኩል። ስለዚህ ባለጋሪው አንሶላ ሲል ዘመዱን ነው የጠራው፤ ጨርሶ አልራቀም። ጴጥሮስ ያየውም በማዕዘኖቹ የተያዘ ጨርቅ ነው። የመርከብ ሸራም እንደዚሁ በጥጎቹ ነው የሚያዘው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጥግ! ይኼ ዋሸራ ቅኔ ቤት የሚያሳድር ነገር ነው።

ሥርወ ቃል፦
ዋሸራ ራሱ ውስጡ ሸራ አለ። ዋ ሸራ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ይህንን ጎጃም ሄደህ እንዳትደግመው። በዱላ ነው የሚመልሱልህ።

ሥርወ ቃል፦
እሺ ሌላ ላምጣ፤ ይኼን ግን ማንም አይነካብኝም። «አንሶላ» ራሱ ጣልያንኛ ነው። «ሌንዙዎላ» ይሉታል የአልጋ አንሶላዎችን። ፊተኛዋ ል ወደቀች፣ አንሶላ ቀረ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ይኼ ልክ ነው። ዛሬ ሁለት አገባህ።

ባለጋሪው፦
ፈረቃዬ ሊገባ ነው።

የምጽዋ ባሕረኛ፦
ና ልጄ፣ እኔ ልንገርህ። መዝገብ ላይ ፍርድ አይጻፍም። የመርከብ መዝገብ ስንጽፍ «ሰክሯል» አንልም ነበር፤ ያየነውን ነው የምንጽፈው። ስንት ሰዓት ገባ፣ እግሩ አልጸናም፣ ንግግሩ ተሳሰረ፣ እስከ ክፍሉ ሸኘነው፣ በሩን ዘጋን። አባባሉ ስድብ አይደለም፤ ፈረንጆቹ በሳቅ ነው የሚሉት፣ ቡና ቤትና ጀልባም ይሰይሙበታል። ኃላፊህ የጻፈው ከእናንተ ጋር ስለሚቀላለድ ነው። እንግዳው ነገ ወድቆ ራሱን መታ ቢባል ግን ያ ቀልድ ጠበቃ ፊት ይነበባል።

ቶሮንቶ ነኝ፦
ጋሼ አበዙት። እዚህ እኛ ሥራ ቦታ ሁሉም ሰው ይለዋል። በተለይ ትልልቆቹ።

የምጽዋ ባሕረኛ፦
ማለትና መጻፍ አንድ ነው?

አምቡሊ፦
ጅቡቲ ነው ያደግኩት። የፈረንሳይኛውን ማንም አላነሳም። እነሱ ለሰከረ ሰው «ሸራው ውስጥ ነፋስ አለ» ይላሉ። ልብ በሉ፤ የእንግሊዙ ሰካራም ገመዱ ያመለጠው ነው፣ ሸራው ባዶውን ይርገበገባል። የፈረንሳዩ ሰካራም ግን ሸራው ሞልቷል፣ እየበረረ ነው። አንዱ መቆም አቅቶታል፣ አንዱ መቆም አልፈለገም። ወደ አማርኛ ስትመልሱ የቱን ነው የምትይዙት?

ጣና ዳር፦
የፈረንሳዩ «ሞቅ ብሎታል» ነው። የእንግሊዙ «ጥምብዝ ብሏል»።

አምቡሊ፦
ሞቅ ያለው ሰው እኮ አይበርም። ሞቅ ያለው ወሬ ያበዛል፣ ሂሳብ እኔ ልክፈል ይላል። የሚበረው «የጦዘው» ነው።

ጣና ዳር፦
ጦዘ ለጨዋታ ነው። «ጨዋታው ጦዘ»፣ «ሙዚቃው ጦዘ»። ለሰው ካልክ የጫትና የሌላ ነገር ይሆንብሃል።

ሥርወ ቃል፦
ጦዘ የእንዝርት ነው። እናቴ ስትፈትል እንዝርቱ በጣም ሲፈጥን «ጦዘ» ትል ነበር። የሚዞር ነገር ነው። የሰከረ ሰውም ቤቱ ይዞርበታል። ስለዚህ አምቡሊ ልክ ነው።

ጣና ዳር፦
የሚዞረው ቤቱ ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም። እንዝርቱ ማን ነው ታዲያ?

ሥርወ ቃል፦
ቤቱ።

ጣና ዳር፦
እንግዲያው የጦዘው ቤቱ ነው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
እኔ ብተረጉመው «ጥምብዝ» እላለሁ፤ ግን አንድ ነገር እንደሚጎድለው አውቃለሁ። «ሦስት ሺት» ያለ ሰው አይጠላም፤ ይሳቅበታል። «ጥምብዝ» ውስጥ ግን ትንሽ መጸየፍ አለ። «እግሩ ከድቶት ነበር» ቢባል ይቀርባል። እግር የከዳው ሰው ያሳዝናልም ያስቃልም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ወይን ያስተፌሥሕ ልበ ሰብእ» የሚለውን ረሳችሁት። ያ የፈረንሳዩ ነው፤ ደስ የሚለው። ከዚያ ያለፈው ነው የእንግሊዙ።

ቶሮንቶ ነኝ፦
ከርዕስ ሳልወጣ አንድ ልጠይቅ። የቦክስ ውድድር ስናይ አስተላላፊው «ግሮጊ ሆኗል» ይላል፤ ተመትቶ ሲንገዳገድ። እሱም የባሕር ነው የሚል ሰምቻለሁ። የሚስቴ አይደለም፤ የራሴ ነው።

የምጽዋ ባሕረኛ፦
የባሕር ነው፤ ያውም ከነታሪኩ። የእንግሊዝ ባሕረኛ በየቀኑ የሩም ራሽን ነበረው፤ ሩም ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው ጠንካራ መጠጥ ነው። ንጹሑን እየጨለጡ ሥራ አስቸገሩ። በፈረንጅ 1740 አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን ትእዛዝ አወጣ፦ ሩሙ በአራት እጅ ውሃ ይበረዝ፣ በቀን ሁለት ጊዜም ተከፍሎ ይሰጥ። አድሚራሉ «ግሮግራም» የሚባል ሻካራ ጨርቅ ካፖርት ይለብስ ነበርና ባሕረኞቹ ከኋላው «ሽማግሌው ግሮግ» ይሉት ነበር። ተበርዞ የቀረበላቸውንም መጠጥ በስሙ «ግሮግ» አሉት። ግሮግ ያበዛ ሰው ግሮጊ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ቡጢ የቀመሰው ላይ የተላለፈው።

ሽሙጥ፦
ውሃ ጨምሮባቸው በስሙ መጠጥ ሰየሙለት? እኛ ሰፈር ጠጅ የሚበርዝ ሰው የሚወጣለት ስም ሌላ ነው።

ሥርወ ቃል፦
ግሮግራም ደግሞ ከፈረንሳይኛ ነው፤ «ግሮ ግሬን»፣ ወፍራም ፍሬ። ሸካራነቱ ነው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ሦስት። ዛሬ ምን በልተህ ነው?

አምቡሊ፦
ራሽኑ አሁንም አለ?

የምጽዋ ባሕረኛ፦
ቀረ። መርከቡ ላይ ሮኬትና ራዳር በዝቶ፣ ቀትር ላይ ሩም የጠጣ ሰው እሱን ይንካ የሚል ጠፋ። በፈረንጅ ሐምሌ 31 ቀን 1970 የመጨረሻው ታደለ። ባሕረኞቹ «ጥቁሩ ቀን» አሉት። ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ ነበሩ። ለሩሙ የቀልድ ቀብር ያደረጉለትም ነበሩ።

ሽሙጥ፦
ለሩም ቀብር! ዳዊትስ ተደገመለት?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
መደገም ካለበት 106 ነው። የመርከበኞቹ።

የአሽዶድ ልጅ፦
107።